የሥዕል ማዕከልና የከተማ ሙዚየም በአንድ ቀን፦ አዲስ አበባን ረጋ ብሎ ለማየት

አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ሙዚየም የሚገባው በሕይወቱ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ከትምህርት ቤት ተሰልፎ፣ አንዴ ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ አስከትሎ። በመጀመሪያው መምህሩ "አትንኩ" ሲሉ ይውላሉ፤ በሁለተኛው ዘመድ ፎቶ እስኪያነሣ ጃኬት ይዞ መቆም ነው። በሁለቱም ማየት የሚባል ነገር የለም። ይህ ጽሑፍ ለሦስተኛው ጊዜ ነው።

የምንሄደው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል፣ ማለትም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ከዚያም መስቀል አደባባይ ዳር ወዳለው የአዲስ አበባ ሙዚየም። አምስት ኪሎ ያለውን ብሔራዊ ሙዚየም ለሌላ ቀን ያቆዩት። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ቆይታለች፤ አንድ ሳምንት ብትጨምር አይከብዳትም።

ከመውጣትዎ በፊት

አስቀድመው ይደውሉ ወይም ሰው ይጠይቁ። የሥዕል ማሳያ ቤት አንዱን ዐውደ ርእይ አውርዶ ሌላውን እስኪሰቅል በሩን ሊዘጋ ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ሳልጠይቅ ሄጄ ባዶ ግድግዳና መሰላል ጎብኝቼ ተመልሻለሁ። የምሳ ሰዓት መዘጋት አለመዘጋቱንም በዚያው ይጠይቁ። መታወቂያ አይርሱ፤ በተለይ ከውጭ የመጡ ኢትዮጵያውያን፣ የመግቢያ ዋጋ ለአገር ሰውና ለውጭ ዜጋ ሊለያይ ስለሚችል ማስረጃቸውን ቢይዙ ይሻላል። ትልቅ ቦርሳ ቤት ይቅር። ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ይበቃል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ትልቅ ሰው ይዘው ይሂዱ። እናትዎን ወይም አባትዎን፣ ካልሆነም በሰፈሩ የቆዩ ጎረቤት። እኔ አክስቴን ይዤ ነበር የሄድሁት፤ እትዬ ደጃች ውቤ ሰፈር ተወልደው ያደጉ ናቸው። ምክንያቱን ወደ ኋላ ያዩታል።

ጠዋት ሥዕሉ

ሥዕል ያልደከመ ዓይን ይፈልጋል፤ ስለዚህ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ቢገቡ ጥሩ ነው። ክፍሎቹን በሙሉ አንድ ጊዜ ፈጠን ብለው ይዙሩ፤ ከሥዕሉ ጎን የተለጠፈውን ጽሑፍ አያንብቡ። ስሙን ቀድሞ ያነበበ ሰው የሚያየው ስሙን ነው። ከዚያ እግርዎ ሳያስቡት የቆመባቸውን ሦስት ሥዕሎች ይምረጡና ተመልሰው እያንዳንዳቸው ፊት አምስት ደቂቃ ይቁሙ። አምስት ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት ይዘው ቢሞክሩት ይገባዎታል። መጀመሪያ ራቅ ይበሉ፤ ቀጥሎ የብሩሹ ዱካ እስኪታይ ይጠጉ (እጅ ወደ ኋላ!)፤ መጨረሻ ላይ ወደ ጎን ፈቀቅ ይበሉ፣ ወፍራም ቀለም ከጎን ሲያዩት ኮረብታና ሸለቆ አለው።

ራስዎን "ይህ ምንድን ነው?" ብለው አይጠይቁ። "ዓይኔ መጀመሪያ የት አረፈ? ከዚያስ ወዴት ሄደ?" ብለው ይጠይቁ። የገብረ ክርስቶስ "ጎልጎታ" ተሰቅሎ ካገኙት ለዚህ ልምምድ የሚሻል የለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የለመድነው ስቅለት መስመሩ የጠራ፣ ዓይኑ የጎላ ነው፤ እዚህ ግን ቀዩ ቀለም ይቀድምና ታሪኩ ከኋላው ይመጣል። ሰዓሊው ሐረር የተወለደ፣ አባቱ ብራና የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሰው የነበሩ፣ ኋላም ጀርመን አገር ኮሎኝ ሄዶ የተማረ ነው። ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ፤ ግጥምም ጻፈ። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገር ተመልሰዋል። እንግዲህ "ይህ የፈረንጅ ሥዕል ነው" ከማለትዎ በፊት ብራናውን ያስታውሱ።

ለየሥዕሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። "ያምራል" አይቆጠርም።

ሲወጡ የየካቲት 12 ሐውልት እዚያው ስለሆነ ዞር ብለው ቅርጾቹን ይመልከቱ፤ ምሳ ይብሉና በታክሲ ወደ መስቀል አደባባይ ይውረዱ።

ከሰዓት በኋላ ከተማዋ

ወደ አዲስ አበባ ሙዚየም አይቸኩሉ፤ የመጀመሪያው ቅርስ ቤቱ ራሱ ነው። የራስ ብሩ መኖሪያ የነበረ ሲሆን ሙዚየም የሆነው በ1979 ዓ.ም.፣ ከተማዋ መቶ ዓመት ስትሞላ ነው።

ውስጥ የእቴጌ ጣይቱን፣ የልጅ ኢያሱንና የንግሥት ዘውዲቱን ፎቶግራፎች ያያሉ። ሰው ሁሉ እነሱ ጋር ይቆማል፤ የእኔ ምክር ግን የከተማዋ የልጅነት ፎቶግራፎች ጋር እንዲቆዩ ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ካሠሩ በኋላ ሜዳው ገና በድንኳን ተሞልቶ የሚታይባቸው ናቸው። እትዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አንዱን ሲመረምሩ ቆዩና "የእኛ ሰፈር የትኛው ድንኳን ነው?" አሉ። ሳቅሁ። ቆይቶ ግን ጥያቄው ከእኔ ዕውቀት የበለጠ መሆኑ ገባኝ። ሰፈር ማለት የሰፈሩበት ማለት ነው። መኳንንቱ በግቢው ዙሪያ ጭፍራቸውን ይዘው በሰፈሩበት ቦታ ስማቸው ቀረ፤ ዛሬ የታክሲ ረዳት ደረጃውን ቆሞ የሚጠራው የአንድ ሹም ድንኳን አድራሻ ነው።

አሮጌ ፎቶግራፍ ዓመት ባይጻፍበትም ዘመኑን በግምት ማወቅ ይቻላል። ሦስት ነገር ይፈልጉ። አንደኛ ጣሪያ፤ ሣር ነው ቆርቆሮ? ቆርቆሮው እየበዛ ከሄደ ዘመኑ ወደ እኛ እየቀረበ ነው፤ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላማ ከባድ ዕቃ ማምጣት ቀሏል። ሁለተኛ ዛፍ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶግራፎች ራቁት ኮረብታ ያሳያሉ፤ ማገዶ ከማለቁ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ሥር ሲሰድ አሳቡ ቀረ። ስለዚህ ከቤቶቹ ኋላ ረጃጅም ባሕር ዛፍ ካዩ ከተማዋ ለመቆየት ከወሰነች በኋላ የተነሣ ነው። ሦስተኛ ምሰሶና ሽቦ። በዚህ ዘዴ ከእትዬ ጋር ሁለት ፎቶግራፎች ላይ ተከራክረን በአንዱ እሳቸው ረቱኝ።

ፎቶ ማንሣት ከተፈቀደልዎ ብልጭታውን ያጥፉ፤ ብርሃን አሮጌ ወረቀትን ይጎዳል።

ማታ ቤት

ትልቁ ሰውዎ ገና ወሬው እንዳልወጣለት፣ ቁም ሣጥን ላይ ያለውን የፎቶግራፍ ካርቶን ያውርዱ። ከየአንዳንዱ ጀርባ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሣ፣ በግምት መቼ እንደሆነ ይጻፉ። ለስላሳ እርሳስ ይጠቀሙ፣ ሳይጫኑም ይጻፉ፤ እስክሪብቶ ገፍቶ ከፊት በኩል ይታያል፣ ቀለሙም ይተላለፋል። እትዬ አንዲት በረንዳ ላይ የተነሣች ፎቶግራፍ ውስጥ ካሉት አራት ሰዎች ሦስቱን በስም ጠሩ። ስለ አራተኛው ሰው ከፎቶግራፏ ጀርባ በእኔ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ "ያ በቅሎ የነበረው ጎረቤታችን።"