የካፌ ዋይፋይ፦ ፓስወርድ ይኑረው ወይስ ክፍት ይተው?

ስድስት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ፣ ዘጠኝ ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ካፌ አለችኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ከማኪያቶው ቀድመው የሚጠይቁት ዋይፋዩን ነው። በመጀመሪያው ዓመት ክፍት አድርጌ ተውኩት፤ እንግዳን ደጅ ላይ አላስጠብቅም ብዬ። አሁን ፓስወርድ አለው፤ ፓስወርዱ ግን በየጠረጴዛው ላይ ተለጥፏል። ካፌም ሆነ ጸጉር ቤት ኖሯችሁ ለምታመነቱ፣ የሠራሁትን ልንገራችሁ።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ካሸሯ አጠገብ ያለው ፕሪንተር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ሳይነካው ወረቀት ማውጣት ጀመረ። ሳየው የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። ልጅቷ ጥግ ተቀምጣ ላፕቶፗ ላይ ፕሪንት ስትል የኛን ማሽን አግኝቶላት ኖሯል። ደንግጣ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ ምን አጠፋች? የሷ ላፕቶፕ ፕሪንተሬን ካገኘ፣ የቀኑን ሽያጭ የምንመዘግብበትን ኮምፒውተርም ማንም ሰው ሊያገኘው ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ከፓስወርዱ በፊት የቤቱንና የእንግዳውን መስመር ለዩ። ራውተሩን ገልብጡት፤ ስቲከሩ ላይ አድራሻ አለ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ከዋይፋዩ ጋር ተገናኝታችሁ ያንን ቁጥር ብራውዘር ላይ ጻፉ። የራውተሩ መግቢያ ፓስወርድ ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነ እዚያው ቀይሩት፤ ስቲከሩን ፎቶ ያነሳ ሁሉ ይገባበታልና። ከዚያ «ጌስት ኔትወርክ» የሚለውን አብሩ፤ እንግዶች እርስ በርስም ሆነ ከቤቱ ዕቃ ጋር እንዳይተያዩ የሚያደርገውን «አይሶሌሽን» የሚባለውንም አብሩ። ፓስወርድ ሳይጻፍ በቁልፍ ወይም በፒን ቁጥር የሚያገናኘውን «ደብሊው ፒ ኤስ» የሚለውን ደግሞ ዝጉ፤ ባለ 8 አሃዙ ፒን በሙከራ ሊገኝ እንደሚችል ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል።

ራውተራችሁ አሮጌ ሆኖ ጌስት የሚባል ነገር ከሌለው፣ ሁለተኛ ርካሽ ራውተር ገዝታችሁ ከመጀመሪያው ጋር በኬብል አገናኙ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አዲሱን ለእንግዳ ይሰጣል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። እንግዳው በመጀመሪያው ላይ ይቆይ፤ የካሸሯ ኮምፒውተርና ፕሪንተሩ ከሁለተኛው ጀርባ ይግቡ። ከኋላ ያለው ከፊት ያለውን ያያል፤ ከፊት ያለው ግን ከኋላ ያለውን አያይም።

አሁን ወደ ፓስወርዱ። ክፍት ዋይፋይ ላይ በአየር የሚሄደው ነገር አይቆለፍም። በ2010 እ.ኤ.አ. «ፋየርሺፕ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም ወጥቶ፣ በክፍት ዋይፋይ ላይ የሰው ፌስቡክ ውስጥ መግባት የልጅ ሥራ ሆኖ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽና የባንክ መተግበሪያ መልእክቱን ራሱ ስለሚቆልፍ ያን ያህል አያሰጋም። ግን የጠረጴዛ ላይ ፓስወርድም ምስጢር ጠባቂ እንዳይመስላችሁ። «ደብሊው ፒ ኤ 2» በሚባለው የተለመደ የዋይፋይ አቆላለፍ፣ ያንኑ ፓስወርድ የሚያውቅ ሰው፣ ስልካችሁ ሲገናኝ ካደፈጠ የምትልኩትን ሊፈታ ይችላል። ይህን ያስተካከለው በ2018 እ.ኤ.አ. የመጣው «ደብሊው ፒ ኤ 3» ነው፤ ራውተሩ ካለው ሁለቱን የሚያደባልቀውን ምረጡ፣ አሮጌ ስልኮችም እንዳይቀሩ።

ታዲያ ፓስወርዱ ለምን? መስመሩ እንዲበቃ። ክፍት በነበረ ጊዜ ከግድግዳው ውጭ አስፋልቱ ዳር ቆመው ፊልም የሚያወርዱ ነበሩ፤ ውስጥ ያለችው ልጅ ለመምህሯ አንድ ፋይል መላክ አቅቷት ስትብሰለሰል አይቻለሁ። መስመሩ የተመዘገበውም በስሜ ነው፤ ከደጅ ማንም እየገባ እንዲጠቀምበት አልፈልግም።

ፓስወርዱን በአማርኛ ቃል አታድርጉት። ራውተሩ የግዕዝ ፊደል አይቀበልም፣ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ «ቡና»ን አንዱ በአንድ «ኤን» ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ አስተናጋጇ ቀኑን ሙሉ ፊደል ስትቆጥር ትውላለች። ለእንግዳው 8 ወይም 10 አሃዝ ቁጥር ይበቃል። ለካሸሩ መስመር ግን ቁጥር ብቻ አይሆንም፤ 8 አሃዝ 100 ሚሊዮን አማራጭ ብቻ ስለሆነ ኮምፒውተር ይጨርሰዋል። ከ15 በላይ ፊደል ይሁን፣ ለማንም አይነገር። እኔ የእንግዳውን ሰኞ ጠዋት እቀይራለሁ፤ ኪው አር ኮዱንም አትሜ ከጠረጴዛው መስታወት ሥር አስገባለሁ፣ በላዩ ሌላ እንዳይለጠፍበት።

ስትጨርሱ በእንግዳው ዋይፋይ ገብታችሁ ከስልካችሁ ፕሪንተሩን ፈልጉት። ከታየ፣ አይሶሌሽኑ አልበራም ወይም ፕሪንተሩ አሁንም በእንግዳው መስመር ላይ ነው፤ ወደ ሴቲንጉ ተመለሱ።