የሰብዓዊ መብት መመሪያ ከግድግዳ ወርዶ ደመወዝ ወረቀት ላይ እንዲታይ

«የሠራተኞቻችንን መብት እናከብራለን» የሚል ጽሑፍ በልብስ ስፌት ፋብሪካዎች መግቢያ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ቃሉ መጠበቁ የሚታወቀው ግን በሰዓት መዝገቡ፣ በደመወዝ ወረቀቱና በቅሬታ አያያዙ ነው።

መመሪያው ውስጥ ቁጥር ይግባ። «ተገቢ የሥራ ሰዓት» ማለት ማንንም አያስጠይቅም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ትርፍ ሰዓት አትመደብም።

ቀጥሎ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ስሌት ግልጽ አድርጉ። ወርኃዊ ደመወዟ 4,160 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። 26 ቀን በ8 ሰዓት ሲባዛ 208 ሰዓት ነው፤ የአንድ ሰዓት ክፍያዋ 20 ብር ይሆናል። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሥራ በ1.5 ይባዛል፣ 30 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ 35 ብር። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ 40 ብር፤ በሕዝብ በዓል በ2.5፣ 50 ብር። ስህተቱ የሚገባው ደመወዙ ለ240 (30 ቀን በ8 ሰዓት) ሲካፈል ነው። ያኔ የዕረፍት ቀኖችም እንደ ሥራ ቀን ተቆጥረው የሰዓቱ ክፍያ ወደ 17.33 ብር ይወርዳል። ስለዚህ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የትርፍ ሰዓቱ ብዛት፣ የተባዛበት ቁጥርና የጡረታው 7 በመቶ ተቀናሽ ለየብቻ ይጻፉ፤ ድምሩ ብቻ ከሆነ ሠራተኛዋ ልታመሳክረው አትችልም።

ከስሌቱ የባሰው ጭራሽ ያልተመዘገበው ሰዓት ነው። ታርጌቷን (እንድትሰፋ የተመደበላትን መጠን) ያልሞላች ልጅ የመውጫ አሻራዋን ሰጥታ ወደ ማሽኗ ትመለሳለች፤ መዝገቡ ላይ ግን ወጥታለች። ይህን ለመያዝ የአሻራውን መዝገብ፣ የላይኑን (የስፌት መስመሩን) የምርት ቆጠራና የሰርቪስ አውቶቡሱን መነሻ ሰዓት ጎን ለጎን አስቀምጡ። መዝገቡ 11 ሰዓት እያለ አውቶቡሱ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ከተነሳ፣ መካከል ያለው ጊዜ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሱፐርቫይዘሩን መቅጣት ብቻውን አያድንም። ልብሱን ያዘዘው ገዢ ኩባንያ ዲዛይኑን ዘግይቶ ቀይሮ የማስረከቢያውን ቀን ካላራዘመ ጫናው የሚያርፈው በላይኑ ላይ ነው፤ ይህን በደብዳቤ አሳውቁት። መብት አከብራለሁ ብሎ የፈረመ ገዢ ቀን ማራዘምም ግዴታው ነው።

የቅሬታ ሳጥን በአስተዳደሩ በር አጠገብ ወይም ካሜራ ሥር ከተቀመጠ ባዶውን ይከርማል። መጸዳጃ ቤት አካባቢ አድርጉት፤ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ አንዱ በሠራተኛ ማኅበሩ እጅ ይሁን። እንደ ሐዋሳ ባለ ቦታ ቅጹ በሲዳምኛም ይዘጋጅ። ማንበብ ለሚከብዳቸው የድምፅ መልእክት መቀበያ ስልክ ይኑር። ምላሹ ስም ሳይጠቀስ በሰሌዳ ይለጠፍ፣ ቀኑም ይጻፍበት።

የደኅንነት ቅሬታ ግን ተራ አይጠብቅም። በባንግላዲሽ ራና ፕላዛ ሕንፃው መሰንጠቁ ከመደርመሱ አንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር። የስፌት ሠራተኞቹ በማግስቱ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 2013፣ እንዲገቡ ተደርገው ከ1,100 በላይ ሰዎች አለቁ። በእያንዳንዱ ፈረቃ ሥራ ማስቆም የሚችል ሰው ማን እንደሆነ በስሙ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ለማስቆም የሥራ አስኪያጁን ፈቃድ አይጠብቅ፣ የቆመው ሰዓትም ከማንም ደመወዝ አይቀነስ።