ላይኛው ግማሹ የማይሞቀው የግድግዳ ማሞቂያ

አዲስ በተከራየሁት አፓርታማ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ጃኬት ለብሼ ነው ያደርኩት። ሙቅ ውሃ በውስጡ የሚዞርበት የመኝታ ቤቱ ማሞቂያ ከታች ይፋጃል፤ ከላይ ግን እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። መቆጣጠሪያውን እስከ 5 ባዞረውም ለውጥ የለም።

ለካስ ውስጡ አየር ታፍኖ ኖሯል! አየር ከውሃ ስለሚቀል ከላይ ይጠራቀምና ሙቁን ውሃ ያግደዋል። አጥፍቼው እስኪበርድ ጠበቅሁ (ይህን አትዝለሉት፤ የሚፈናጠረው ውሃ ያቃጥላል)። ከላይ በጎኑ በኩል ያለችውን ትንሽ ብሎን፣ ከሥሯ ጨርቅና ኩባያ ይዤ፣ በራሷ መፍቻ ሩብ ዙር ያህል አላላኋት። እስስስ አለች፤ ከዚያ ጠቆር ያለ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ወዲያው አጠበቅኋት።

የቦይለሩ (ውሃውን የሚያሞቀው መሣሪያ) ግፊት ከ1 ባር በታች ወርዶ ስለነበር አከራዬ ውሃ ጨመሩበት። አሁን ማሞቂያው እስከ ላይ ድረስ ይሞቃል፤ ጃኬቴም መስቀያው ላይ ያድራል።