መክፈቻው ጠቅ ይላል፣ በሩ ግን አይከፈትም፦ የኢንተርኮምና የኤሌክትሪክ በር መክፈቻ ችግርና መፍትሄ

ፊውዙ ደህና መሆኑን፣ ኢንተርኮሙ ድምፅና ምስል ማስተላለፉን፣ ሽቦዎቹም ከመግጠሚያቸው አለመውጣታቸውን አስቀድመው እንዳረጋገጡ እቆጥራለሁ። እዚህ የማነሳው በመቃኑ ውስጥ ተቀብሮ የቁልፉን ምላስ ስለሚለቀው የኤሌክትሪክ መክፈቻ ነው።

መክፈቻው ጠቅ ይላል ወይም በደካማው ይንቀጠቀጣል፣ በሩ ግን አይከፈትም። አንዳንዴ ስክሪኑም ጠፍቶ ይመለሳል

ለጥገና ስጠራ ደጋግሜ የማገኘው ይህንን ነው። የሚወቀሰው ደግሞ ሁልጊዜ መክፈቻው ነው። አንድ ቤት ውስጥ ተፈትተው የተጣሉ መክፈቻዎች በካርቶን ተከምረው አገኘሁ። እያንዳንዳቸውን ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ሳገናኛቸው ሁሉም ያለ እንከን ሠሩ። ጥፋቱ ከሳሎን እስከ ውጭው በር የተዘረጋው ቀጭን የስልክ ሽቦ ነበር። አዲስ መክፈቻ እየገዙ በዚያው ሽቦ ላይ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው።

ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። 12 ቮልት የሚፈልግና ግማሽ አምፒር የሚስብ መክፈቻ የጥቅልሉ (ብረቱን የሚስበው የተጠቀለለ ሽቦ) ሬዚስታንስ 24 ኦም ነው። በሩ 30 ሜትር ርቆ ሽቦው 0.2 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ፣ ሄዶ መመለሻው 60 ሜትር ስለሚሆን ሽቦው ብቻውን ከ5 ኦም በላይ ይይዛል። ስለዚህ መክፈቻው ጋ የሚደርሰው ከ10 ቮልት በታች ነው። ጥቅልሉ የሚስብበት ጉልበት ደግሞ ከቮልቴጁ በባሰ ፍጥነት ይወርዳል። ብረቱ ተንቀሳቅሶ ጠቅ ይላል፣ ምላሱን ለመልቀቅ ግን አቅም ያጣል። በ1 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ቢዘረጋ ኖሮ እዚያው መክፈቻ ላይ 11.5 ቮልት ይደርስ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት አዳፕተሩ ነው። ከኢንተርኮሙ ጋር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ለስክሪኑና ለካሜራው ያህል ብቻ የተመጠነ ነው። መክፈቻው ድንገት ግማሽ አምፒር ሲጠይቀው ቮልቴጁ ይወድቃል፣ ስክሪኑም ይጠፋል። በአዳፕተሩ ላይ 2 አምፒር ተብሎ ተጽፎ፣ ከዚያ ግማሹን እንኳ ሲጠየቅ የሚንበረከክ ርካሽ ዕቃ በብዛት አይቻለሁ። ጽሑፉን አይመኑ፣ ይለኩ።

ሲለኩ ግን መልቲሜትሩ መክፈቻው ራሱ ላይ ይደረግ፣ ሌላ ሰውም ውስጥ ሆኖ አዝራሩን ተጭኖ ይቆይ። ጭነት ሳይኖር የተነበበ 12 ቮልት ምንም አይነግርዎትም። በአንድ አጥር በር ላይ ሜትሩ 12 ያሳይና አዝራሩ ሲነካ ወደ 4 ይወርድ ነበር። ግድግዳ ውስጥ ሁለት ሽቦዎች ተጠምዘው በፕላስተር ብቻ ተጠቅልለው፣ እርጥበት ገብቶባቸው አረንጓዴ ሆነው አገኘኋቸው። ሽቦ በጣት ጠምዝዞ መቅበር ሥራ አይባልም። በመያዣ ይታሰር ወይም ይበየድ፣ ሳጥኑም በኋላ የሚከፈት ይሁን።

መፍትሄው ለመክፈቻው የራሱን ኃይል መስጠት ነው። መክፈቻው ከሚስበው ቢያንስ እጥፍ የሚችል 12 ቮልት አዳፕተር ለብቻው ይግጠሙ። አንዱ ሽቦ በቀጥታ ወደ መክፈቻው ይሂድ፤ ሌላው በኢንተርኮሙ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚነሳ ማብሪያ ማጥፊያ) በኮም፣ ማለትም በጋራው ጫፍ፣ ገብቶ በኤንኦ፣ ማለትም ሪሌዩ ሳይነሳ ክፍት በሆነው ጫፍ፣ ወጥቶ ወደ መክፈቻው ይሂድ። ኢንተርኮሙ ነፃ የሪሌይ መግጠሚያ ከሌለውና 12 ቮልት ብቻ የሚልክ ከሆነ፣ ያንን ወደ መክፈቻው አይውሰዱት። አንዲት ትንሽ 12 ቮልት ሪሌይ ያስነሱበት፤ የእርሷ ጥቅልል 30 ሚሊአምፒር ገደማ ብቻ ስለሚስብ ኢንተርኮሙ አይጨነቅም። መክፈቻውን የምታበራው ሪሌይዋ ትሁን። ወፍራም ሽቦ ማሳለፍ ካልተቻለ አዳፕተሩን ወደ በሩ ያቅርቡ፣ ከዝናብ በተጠበቀ ሳጥን ውስጥ። ከበሩ መብራት የ220 ቮልት መስመር ቀጥሎ ወደ ኢንተርኮሙ ሳጥን ማስገባት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ሰው ይገድላል።

ከለውጡ በኋላ ሪሌዩ ተጣብቆ ቀረ፣ ወይም በሩ በተከፈተ ቁጥር ኢንተርኮሙ ራሱን ያስነሳል

ጥቅልሉ ሲቋረጥ የሚረጨው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሪሌዩን ኮንታክት ያቃጥላል። ለቀጥተኛ ጅረት 1ኤን4007 ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ) በመክፈቻው ሁለት ጫፎች መካከል ይግጠሙ፣ ነጭ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ። ከተገለበጠ መስመሩን ሾርት ያደርገዋል። በተለዋዋጭ ጅረት ላይ ዳዮድ አይገባም፤ እዚያ የሚገባው ቫሪስተር (ከፍ ያለ ቮልቴጅን የሚውጥ ዕቃ) ነው።

አዝራሩ ተይዞ ሳለ በሩን ወደ መዝጊያው ሲገፉት ብቻ ይከፈታል

ይህ የኤሌክትሪክ ችግር አይደለም። ምላሱ መክፈቻውን እየተጫነው ስለሆነ ነው። የበሩ ጎማ አብጦ፣ ማጠፊያው ወርዶ ወይም የብረት በር በፀሐይ ተለጥጦ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት በኋላ የሚያስቸግር በር መጀመሪያ በዚህ ይጠርጠር። መክፈቻውን በመቃኑ ላይ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ማንቀሳቀስ ይበቃል። ቮልቴጅ በመጨመር ለማሸነፍ የሚሞክሩ አሉ፤ ጥቅልሉን ያቃጥሉታል።

ዝዝ ይላል

በተለዋዋጭ ጅረት ከሆነ ተፈጥሮው ነው። ለቀጥተኛ ጅረት ብቻ የተሠራ መክፈቻ ከተለዋዋጭ ትራንስፎርመር ጋር ተገናኝቶ ከሆነ ግን አዳፕተሩን ይለውጡ።

ጥቅልሉ ይግላል፣ የተቃጠለ ይሸታል

ብዙዎቹ መክፈቻዎች ለአጭር ጊዜ ብቻ ኃይል እንዲያገኙ የተሠሩ ናቸው። የመክፈቻ ጊዜውን ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ያድርጉት። በልጆች መጫወቻነት ወይም በተሰበረ አዝራር ምክንያት ጅረቱ ሳይቋረጥ ከቆየ ጥቅልሉ አይተርፍም። ተቃጥሎ እንደሆነ ሽቦውን ነቅለው ኦሙን ይለኩ፤ ማለቂያ የሌለው ካሳየ ተበጥሷል።

በሩ ጭራሽ አይቆለፍም

ኃይል ሲቋረጥ የሚከፈት ዓይነት መክፈቻ በኤንኦ ላይ ተገጥሟል፤ ወደ ኤንሲ፣ ማለትም ሪሌዩ ሳይነሳ ወደተገናኘው ጫፍ፣ ያዛውሩት። መብራት ሲጠፋም ክፍት እንደሚሆን ይወቁ። ለእሳት ማምለጫ በር የሚመረጠው ይህ ዓይነት ነው፣ ለአጥር በር ግን ባትሪ ካልታከለለት ቤቱን ያጋልጣል። ሽቦው ትክክል ከሆነ ደግሞ በመክፈቻው ላይ ያለችው ክፍት መያዣ ትንሽ ብረት ተገልብጣ ይሆናል።

ሽቦውን ከመዝጋትዎ በፊት ሪሌዩ የት እንዳለ ይዩ። ውጭ ባለው የጥሪ ሳጥን ውስጥ ከሆነ፣ ሁለት ብሎን የፈታ ሰው ሁለቱን ሽቦዎች አነካክቶ ይገባል። ሪሌዩ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ ወደ ውጭ የሚወጣው የመክፈቻው ሽቦም በጥሪ ሳጥኑ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ወደ መቃኑ ይግባ።