የወላጆችን ቤት በጎንደር ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎንደር የወላጆቻቸውን ወይም የአያቶቻቸውን ቤት ለማደስ የተነሡ ሰዎች እኔን መሰል የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ ዘንድ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ ስልካቸውን ከፍተው ነው። በስልኩ ላይ ከአዲስ አበባ አፓርታማ ወይም ከውጭ አገር የተነሣ ነጭ ሳሎን ይታያል። የሚታደሰው ቤት ግን ወይ በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተዋቅሮ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ወይ ደግሞ ጣሊያኖች ከተማዋን ይዘው በቆዩባቸው ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በፒያሳና በአካባቢው ከተሠሩት የድንጋይ ቤቶች አንዱ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመጡት ቤቱ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ምን እንዲመስል ስለሚወሰን ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ባለሙያው ቤቱን ሳይመረምር ሥዕል እንዲያወጣ ማጣደፍ ነው። በኮምፒውተር የሚዘጋጀው ስሪዲ ምስል ደንበኛን ያስደስታል፤ ነገር ግን በግድግዳው ውስጥ ያለው ቋሚ ከሥሩ መበስበስ አለመበስበሱን፣ የጣሪያው ውሃም የት እንደሚያርፍ አይናገርም። ደኅና ባለሙያ አስቀድሞ ኮርኒሱን በአንድ ቦታ አስከፍቶ ጣውላውንና ወራጁን ያያል፤ ቋሚዎቹን ከመሬቱ አጠገብ በሹል ብረት ወጋ ወጋ አድርጎ ይፈትሻል፤ እያንዳንዱን ክፍል በአራቱም ጎንና በሁለቱም ሰያፍ ይለካል። የድሮ ቤት ማዕዘን ቀጥ ያለ ስለማይሆን በአንዱ ጫፍ ብቻ ተለክቶ የተሠራ ቁም ሣጥን በሌላው ጫፍ አይገባም። ባለሙያው መጥቶ ቤቱን ሳያይ በላካችሁለት ፎቶግራፍ ብቻ ሥዕል ካወጣላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ከዚሁ የሚወለደው ሁለተኛው ስህተት ሳሎኑን ለማስፋት ሲባል መካከለኛውን ግድግዳ ማንሣት ነው። በብሎኬት ቤት ውስጥ ክፍልፋይ የሆነ ግድግዳ ቢነሣ ጣሪያውን የሚሸከሙት የኮንክሪት ምሰሶዎች ባሉበት ይቆያሉ። በጭቃ ቤት ግን መካከለኛው ግድግዳ ውስጥ ያሉት ቋሚዎች ብዙ ጊዜ የጣሪያውን ክብደት የተሸከሙ ናቸው። የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ መሐንዲስ አይደለም፤ እኔም አይደለሁም፤ ስለዚህ ግድግዳ ከመነካቱ በፊት የሕንፃ መሐንዲስ ጠርቶ ማሳየት ግድ ነው። አንድ ቤተሰብ በመጋቢት ያስፈረሰው ግድግዳ እስከ ግንቦት ምንም አላለም ነበር፤ ሐምሌ ላይ ጣውላው ዝናብ ሲጠግብ አግዳሚው ጎበጠ፣ የመኝታ ቤቱም በር አልዘጋ አለ። ጣሪያውን በብረት ለመደገፍ የወጣው ገንዘብ ሳሎኑን ለማሳመር ከታሰበው ሁሉ በለጠ።

አሁን ወደምናገረው ስህተት ስመጣ ረዘም ብል አንባቢ ይታገሠኝ፤ ይህን ያህል ጊዜ አይቼው የእኔ ትዕግሥት አልቋልና። ይኸውም የጭቃን ግድግዳ በሲሚንቶ መለሰን ነው። ግድግዳው ላይ ሽቦ ይመታል፤ ሲሚንቶና አሸዋ ይለጠፍበታል፤ በላዩ ላይ ስቱኮና ፕላስቲክ ቀለም ይቀባል። ቤቱ ለጥቂት ወራት ዛሬ የተሠራ ብሎኬት ቤት ይመስላል፤ ባለቤቱም ጎረቤት ጠርቶ ያሳያል። ጉዱ የሚታየው ክረምት ሲገባ ነው። ጭቃ ርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ደረቁ ሲሚንቶ ግን አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ከግድግዳው ይላቀቅና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃና ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበው ርጥበት ቀድሞ በጭቃው ፊት በኩል እየተነነ ይወጣ ነበር፤ አሁን መውጫው ስለተደፈነበት ውስጥ ይቀራል። ቋሚው ይበሰብሳል፤ ርጥበት የሚወደው ምስጥም ይከተላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከውጭ የሚታየው ንጹሕ ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ልስኑ በአንድ ወገን እንደ ቅርፊት ተገሽልጦ ሲወድቅና ከኋላው የዱቄት ክምር የሆነ ቋሚ ሲያገኝ ነው።

ይህን ስናገር ግንበኛው ይቆጣል፤ ሲሚንቶ ያልገባበት ቤት ቤት አይባልም ይላል። ባለቤቶቹም ጭቃን ከድህነት ጋር ስለሚያያይዙት ከእኔ ይልቅ እርሱን ያምናሉ። ማስረጃው ግን በከተማችን መካከል ቆሞ ይታያል። የፋሲል ግቢ አብያተ መንግሥት የተገነቡት በድንጋይና በኖራ ነው። በጣሊያን ዘመን በተደረገላቸው ጥገና ሲሚንቶና ብረት ያለበት ኮንክሪት ገብቶባቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ በተካሄደው ጥገና ደግሞ ያ ሲሚንቶ እየተነሣ በኖራ ተተካ። ለአያቶቻችን የድንጋይ ቤትም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በድንጋዮች መካከል ያለው የድሮ ኖራ ወይም ጭቃ ተፍቆ በሲሚንቶ ከተሞላ ርጥበቱ በድንጋዩ በኩል መውጫ ይፈልጋል፤ ድንጋዩም ፊቱ እየተላጠ ያልቃል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በጭቃ ቤት ላይ የተጎዳው ልስን የሚጠገነው በጭቃ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቀላቅሎ፣ ለቀናት ውሃ እየጠጣ እንዲብላላ ተትቶ፣ በእግር በሚገባ ተረግጦ ይለጠፋል፤ ጭዱ ጭቃውን ስለሚያያይዘው ስንጥቁ ይቀንሳል። ከደረቀ በኋላ በስስ በስሱ ኖራ ይለሰናል፤ በላዩም ፕላስቲክ ቀለም ሳይሆን የኖራ ቀለም ይቀባል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል፤ ፀሐይና ነፋስ ቶሎ እንዳያደርቁትም ውሃ እየተረጨ ይጠበቃል። ለሚቀጥለው ሳምንት ድግስ ካላችሁ ኖራ አትጀምሩ። በእርግጥ ሲሚንቶና ሴራሚክ የማይቀርበት ቦታ አለ፤ እርሱም መታጠቢያ ቤት ነው። ስለዚህ መታጠቢያ ቤቱን በጭቃው ቤት ሆድ ውስጥ ከመቆፈር ይልቅ፣ የራሱ መሠረት ባለው የብሎኬት ክፍል ከቤቱ ጎን ሠርቶ በበር ማገናኘት ይሻላል። የሻወር ውሃ በጭቃ ግድግዳ ላይ የሚያደርሰውን ለማየት ሁለት ክረምት አያስፈልግም።

የውጭውን ውሃ ሳይመልሱ ውስጡን ማሳመርም የተለመደ ነው። የገንዘቡ መጀመሪያ ለክዳኑ፣ ለአሸንዳውና በቤቱ ዙሪያ ለሚቆፈረው ቦይ መዋል አለበት። በብዙ ሰፈሮች መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ከፍ ብሏል፤ አሮጌው ቤት ደግሞ ባለበት ስለቀረ የመንገዱ ጎርፍ ወደ ደጃፉ ይወርዳል። የጣውላ ወለል ያላቸው ቤቶች ባለቤቶች ደግሞ በግድግዳው ሥር ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች አይጥ ይገባል ብለው ይደፍኗቸዋል። እነዚያ ቀዳዳዎች የተሠሩት ከጣውላው በታች ነፋስ እንዲያልፍ ነው፤ ከተደፈኑ ወለሉ ከሥሩ ይበሰብሳል። ለአይጡ ወንፊት ይበቃዋል።

የውሃ ነገር ከተነሣ ሮቶውን በጭቃ ቤት ጣሪያ ላይ አታስቀምጡ። 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የግድ ስለሆነ ለብቻው ማቆሚያ ይሠራለት።

ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው አለመጠየቅ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው። ገንዘቡን የሚልኩት ልጆች አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ይሆናሉ፤ ሥዕሉን የሚያጸድቁትም እነርሱ ናቸው፤ በቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ግን እናት ናቸው። ሳሎንና ማዕድ ቤት ያለ ግድግዳ የተቀላቀሉበትን ምስል አንዲት እናት ፊት ዘርግተን ሳለ፣ ልጆቻቸው በስልክ እያሞገሱት እርሳቸው ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ ማማሩስ ያምራል፤ እንጀራውን የት ነው የምጋግረው? በርበሬውንስ የት ነው የማምሰው?» አሉኝ። መልስ አልነበረንም፤ ሥዕሉም ተቀየረ። እንጀራ የሚጋገርበት፣ ድልህ የሚዘጋጅበትና ለዝክር ድስት የሚጣድበት ማዕድ ቤት በር የሚዘጋበትና ጢሱ የሚወጣበት ሊሆን ይገባል። ውብ የሆነው ክፍት ማዕድ ቤት ከተፈለገ ለሻይና ለቁርስ ይሠራ፤ ዋናው ግን በጓሮ በኩል ይኑር።

በሳሎኑም ነገር እንዲሁ ነው። ግድግዳ ላይ የተገጠመ የማይነቃነቅ ሶፋ ለአራት ሰው ቤተሰብ ይበቃል፤ ለጥምቀት ከየአገሩ የሚመጣውን ዘመድ፣ ማኅበር በሚደርስበት ቀን የሚገባውን ሰው ግን የት ያስቀምጡታል? የሚነሡ መቀመጫዎች፣ ሰፊ መተላለፊያና ቡናው የሚፈላበት፣ ረከቦቱም የሚቀመጥበት አየር ያለው ጥግ ከመነሻው በሥዕሉ ላይ ይግቡ። የዕጣኑ ጢስ የሚወጣበት መስኮት ከሌለ ነጩ የጂፕሰም ኮርኒስ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነጭ አይሆንም።

የኤሌክትሪክ መስመሩን ሳይቀይሩ መብራቱን ማብዛት አደገኛ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚወስድ በ220 ቮልት እስከ 18 አምፔር ይስባል፤ ለአምፖልና ለሬዲዮ ተብሎ የተዘረጋ የድሮ ሽቦ ይህን አይችልም፣ ይግላል፤ ከሽቦው በላይ ደግሞ ደረቅ ጣውላና ጭድ አለ። ለምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን የሚነሣ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ማቋረጫ ይዘርጋለት።

ወረቀቱን ወደ ኋላ መተውም ሥራን መካከል ላይ ያስቆማል። በወራሾች መካከል ያልተከፈለ ቤት የሁሉም ነው፤ አንዱ ወንድም በራሱ ገንዘብ ቢያድሰውም የሌሎቹ ስምምነት በጽሑፍ ይኑር። የከተማ ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው በአዋጅ 47/67 ተወርሶ የቀበሌ ቤት የሆነ ክፍል በግቢው ውስጥ ካለ፣ የእናንተ የሆነውና ያልሆነው በካርታው ላይ መለየት አለበት። ቤቱ የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በፋሲል ግቢ ወይም በሌላ ቅርስ አካባቢ ከሆነ ደግሞ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ በተጨማሪ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የውጭ ገጽታን፣ መስኮትንና ክዳንን መለወጥ እንደ ሌላ ሰፈር በራስ ፈቃድ ብቻ አይሆንም።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። በሰኔ ክዳን አትግለጡ። የመሬትና የግንብ ሥራ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይያዝ፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የቀን ሠራተኛው ለአጨዳ ወደ ገጠር እንደሚሄድ፣ በወሩ ውስጥም ሚካኤል፣ ማርያምና በዓለ እግዚአብሔር ሠራተኛ እንደማይገኝ እየታወቀ የጊዜ ሰሌዳ ይውጣ፤ አዲስ አበባ የተቀመጠ ባለሙያ ያወጣው ሰሌዳ ይህን ሁልጊዜ ይረሳዋል። ሴራሚክ ከሩቅ ተጉዞ የሚመጣ ስለሆነ ከሚያስፈልገው አሥር በመቶ ያህል አስበልጣችሁ በአንድ ጊዜ ግዙ፤ በካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥር ከተለያየ ስሙ አንድ ሆኖ ቀለሙ ይለያያልና።

የዋንዛና የጽድ በሮችን አውጥቶ ለማገዶ መስጠትም አለ። ጽድ ምስጥ የማይደፍረው እንጨት ነው፤ በምትኩ የሚገባው ኤምዲኤፍ የሚባለው ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ ግን ውሃ ሲነካው ያብጣል። በሩ ቢጣመምም አናጺ ያቃናዋል፤ የድሮው ዘይት ቀለም ግን እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ሕፃናት ባሉበት ቤት በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈተግ።

ውልን በተመለከተ፣ «ሙሉ እድሳት» የሚል አንድ መስመር ተጽፎበት የተፈረመ ወረቀት ውል አይደለም። የእያንዳንዱ ሥራ ዓይነት፣ መጠንና ዋጋ ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ ባለሙያው ሥዕል ብቻ እንደሚሰጥ ወይም ሥራውንም እየመጣ እንደሚቆጣጠር፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚገኝም ይገለጽ፤ ክፍያው በቀን ሳይሆን ባለቀው ሥራ ልክ ይሁን። ከክፍያው ላይ ቢያንስ አምስት በመቶ ተይዞ፣ ቤቱ አንድ ሙሉ ክረምት ካሳለፈ በኋላ በመስከረም ባለሙያውና ግንበኛው ባሉበት ክዳኑ፣ ልስኑና ቦዩ ታይተው ይከፈል፤ ይህ ቃል በውሉ ውስጥ ሲገባ የሚያንገራግር ባለሙያ ካጋጠማችሁ ፊርማውን አቆዩት።