ከጅማ ወደ ሎስ አንጀለስ ለሄዳችሁ፦ ስለ ግል አምቡላንስና ስለ ፈቃዱ

ጅማ ውስጥ ሰው ሲታመም ባጃጅ ወይም የጎረቤት መኪና ይፈለጋል፤ ነገሩ ከከፋ በ907 ወደ ቀይ መስቀል ይደወላል፤ ምጥ የያዛትን እናት ደግሞ የመንግሥት አምቡላንስ ያለ ክፍያ ያደርሳታል። በዚህ ልማድ ያደገ ሰው ሎስ አንጀለስ ሲደርስ ሳይረኑን ሳያሰማ በቀጠሮ ቤት ድረስ የሚመጣ አምቡላንስ መኖሩን ሲያይ ግር ይለዋል። እኔም ግር ብሎኝ ነበር። ከተማዋ ውስጥ ስድስት ዓመት ኖሬ፣ ሦስቱን በዚሁ ሥራ አሳልፌ ጅማ ከተመለስኩ ወዲህ፣ ከመርካቶም ከኮቺም የሄዱ ልጆች ደውለው የሚጠይቁኝ በአብዛኛው ስለዚህ ጉዳይ ስለሆነ በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥኩ።

ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲገጥም የሚደወለው 911 ነው፤ በዚህ ማመንታት አይገባም። የግል አምቡላንሶች ዋና ሥራ ግን አልጋ የያዘ ታማሚን ከሆስፒታል ወደ ማገገሚያ ማዕከል ማዛወር፣ ወይም ከቤት ወደ ኩላሊት እጥበት ማመላለስ ነው። ይህን ሥራ ማንም መኪና ገዝቶ አይጀምረውም። ጅማ ላይ ክሊኒክ የሚከፍት ሰው ከጤና ጽሕፈት ቤት የብቃት ማረጋገጫ፣ ከንግድ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ፈቃድ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ እዚያም ፈቃዱ ከአንድ በር አይገኝም። የካሊፎርኒያ ሃይዌይ ፓትሮል የሚባለው የመንገድ ፖሊስ ለድርጅቱ ፈቃድ ይሰጣል፣ መኪኖቹንም ይመረምራል፤ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ደግሞ በጤና አገልግሎት መምሪያው ሥር ባለው የድንገተኛ ሕክምና ኤጀንሲ በኩል የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በከተማው ወሰን ውስጥ የትራንስፖርት መምሪያውም የራሱ ደንብ አለው። ካውንቲው 88 ከተሞችን ያቀፈ በመሆኑ፣ ድርጅቱ ፈቃድ እንዳለው ብቻ ሳይሆን ታማሚው ከሚነሳበት አካባቢ ለመሥራት የሚያበቃው መሆኑንም መጠየቅ ያስፈልጋል። የፈቃድ ቁጥሩን ሲጠየቅ የሚያድበሰብስ ድርጅት ቢገጥማችሁ ስልኩን ዝጉና ሌላ ፈልጉ።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ቃሬዛ ወይም ዊልቸር ብቻ የሚጭነው ቫን ነው። የእኛ ሰዎች እሱንም "አምቡላንስ" ይሉታል፤ ነገር ግን ሹፌሩ ሕክምና የመስጠት ሥልጣን የለውም። በመንገድ ላይ ክትትል ለሚያስፈልገው ታማሚ ቫን ማዘዝ አደጋ ነው፤ ዊልቸር ላይ መቀመጥ ለሚችል ሰው አምቡላንስ መጥራት ደግሞ ኢንሹራንስ የማይከፍለው ዕዳ ያመጣል። በአምቡላንስ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች አሉ፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከኋላ ከታማሚው ጎን ተቀምጦ የደም ግፊትና ትንፋሽ እየለካ ይመዘግባል።

ስለ ክፍያው፦ ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሚሆነው የፌዴራል የጤና ኢንሹራንስ፣ ድንገተኛ ላልሆነ ጉዞ የሚከፍለው ታማሚው በሌላ መኪና ቢሄድ ጤናው ለአደጋ የሚጋለጥ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት መመላለስ ብቻውን በቂ ምክንያት አይሆንም። በቀጠሮ ለሚመላለስ ታማሚ የሐኪሙ የጽሑፍ ማረጋገጫ ከጉዞው በፊት መፈረም አለበት፤ ፊርማው 60 ቀን ካለፈውም አያገለግልም። አዲስ የመጡ ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ሜዲኬር ስለማያገኙ፣ ሜዲ-ካል (ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ የካሊፎርኒያ ነዋሪዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ካላቸው በካርዱ ጀርባ ወዳለው ስልክ ደውላችሁ ሐኪሙ የሚሞላውን የትራንስፖርት ማዘዣ ጠይቁ። ከ2022 ጀምሮ ያልተጠበቀ የሕክምና ዕዳን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የአየር አምቡላንስን ሲያካትት የመንገዱን ትቶታል፤ ካሊፎርኒያ ክፍተቱን በ2024 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ ለብዙ የግል ኢንሹራንሶች ሸፍናለች። ስለዚህ ቢል ሲመጣ ከመክፈላችሁ በፊት ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉ።

ሥራውን ለምትፈልጉ ደግሞ፣ በካሊፎርኒያ ኢኤምቲ (የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) ለመሆን ቢያንስ 170 ሰዓት መሠልጠን፣ ብሔራዊውን ፈተና ማለፍ፣ የጣት አሻራ መስጠትና ሰርተፊኬት ማውጣት ይጠበቅባችኋል። መሪውን የሚይዘው ሰው ከመንጃ ፈቃዱ በተጨማሪ መንጃ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ከዲኤምቪ የአምቡላንስ ሹፌር ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፤ ለዚህም የጤና ምርመራ አለው። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁበት ድርጅት ኃላፊ ሰርተፊኬቴ ገና ሳይደርሰኝ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ "ወረቀቱ በመንገድ ላይ ነው፤ አንተ ንዳ" አለኝ። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ስለነበር ቁልፉን አንስቼ ሁለት ቀን ነዳሁ፤ በሦስተኛው ቀን አብሮኝ የሚሠራ ፊሊፒናዊ፣ ፖሊስ ቢያስቆመን የሚጠየቀው ኃላፊው ሳይሆን እኔ መሆኔን ሲነግረኝ ቁልፉን መለስኩ። ሰርተፊኬቱ የደረሰኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ በዚያ መሀል ከኋላ ተቀምጬ በረዳትነት ሠርቻለሁ፤ ክፍያውም ከሹፌሩ ብዙም አያንስም ነበር።