ጉግል ላይ ለምታስተዋውቁ ጀማሪዎች፦ መጀመሪያ ጣሪያ አብጁ

ጎንደር ውስጥ ፔንሲዮን ላላችሁ ወይም ቱሪስት ወደ ስሜን ተራሮች ለምትወስዱ፣ ጥምቀት ሳይደርስ ይህን ልበላችሁ።

ጉግል ላይ ማስታወቂያ ስታወጡ በየፍለጋው ጨረታ አለ። ብዙ ብር ያቀረበ ብቻ አያሸንፍም። የማስታወቂያው ጥራትና ሰው ተጭኖ የሚደርስበት ገጽም ይታያል። ያስገባችሁትን ዋጋም ሁልጊዜ ሙሉውን አትከፍሉም፤ ቦታችሁን ለመያዝ የሚበቃውን ነው።

ለጀማሪ እኔ የምመርጠው "ማክሲማይዝ ክሊክስ" የሚባለውን የጨረታ ዘዴ ነው፤ ጉግል ራሱ ዋጋ እያቀረበ በበጀታችሁ የቻለውን ያህል ብዙ ክሊክ ለማምጣት ይሞክራል። ግን ለአንድ ክሊክ የምትከፍሉትን ጣሪያ ሳታስቀምጡ እንዳትጀምሩ፤ አለዚያ በጀታችሁ በጥቂት ውድ ክሊኮች ሊያልቅ ይችላል። "ታርጌት ሲፒኤ" የሚለው፣ ማለትም አንድ አልጋ የሚይዝ እንግዳ ለማግኘት ስንት ማውጣት እንደምትፈልጉ ነግራችሁት ጉግል በዚያ ልክ የሚጫረትበት ዘዴ፣ ያጓጓል። ሆኖም ስንት ሰው አልጋ እንደያዘ የሚያሳይ መረጃ ከሌለው በጭፍን ነው የሚሠራው። መጀመሪያ አልጋ የያዙትን የሚቆጥር መከታተያ ገጻችሁ ላይ አስገቡ።

ጣሪያው ስንት ይሁን? ከትርፋችሁ ተነሱ። ለምሳሌ አንድ እንግዳ 1,000 ብር ካተረፈላችሁና ከ50 ክሊክ አንዱ አልጋ ከያዘ፣ ክሊኩ 20 ብር ሲገባ ትርፉ አለቀ። እኔ ብሆን ከ10 ብር እጀምራለሁ።

አንዳንድ ቀን ጉግል የቀን በጀታችሁን እስከ እጥፍ ሊያወጣ ይችላል። አትደንግጡ፤ በወር ሲደመር ከቀን በጀቱ 30.4 እጥፍ በላይ አያስከፍላችሁም።

ደግሞ "ጎንደር ዩኒቨርሲቲ" ብሎ የሚፈልግ ተማሪ አልጋ አይዝላችሁም። "ዩኒቨርሲቲ"ን ከሚታገዱ ቃላት ዝርዝር ውስጥ ክተቱት።